የቀለብ ችሎት፦ ወላጅ ምን ይዞ ይቅረብ፣ እንዴትስ ይናገር

ለእናቶችና ለአባቶች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ለሁለቱም ወገን ነው፤ ቀለብ ለምትጠይቀውም፣ ለሚጠየቀውም። አንዳንድ ቤት ጠያቂው አባት፣ ተጠያቂዋ እናት ናት፤ ያም ቢሆን የምለው አይለወጥም። የማወራው አዲስ አበባ ውስጥ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ስለሚታይ ጉዳይ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው፣ ጉዳያችሁ ክልል ከሆነ አንቀጹን እዚያው አጣሩ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይያዝልኝ። በአንዳንድ አገሮች ገቢህ ይህን ያህል ከሆነ ቀለብህ ይህን ያህል ነው የሚል ሠንጠረዥ አለ። በእኛ ሕግ የለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከአንቀጽ 197 ጀምሮ ስለ ቀለብ ሲደነግግ ለመጠኑ መለኪያ ያደረገው ሁለት ነገር ነው፦ የተቀባዩን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም። ቀለብ ማለት ደግሞ እንጀራ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያው፣ ልብሱ፣ ጤናው፣ ትምህርቱም አለበት። እንግዲህ ዳኛው ፊት ባዶ መስመር አለ፤ በወር ብር ስንት። ያንን መስመር የሚሞላው እናንተ ይዛችሁት የመጣችሁት ወረቀትና ስትጠየቁ የምትመልሱት መልስ ነው። ወረቀት ሳይኖር ሲቀር ዳኛው በግምት ይወስናል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ጠያቂዋ ካሰበችው ያንሳል፣ ተጠያቂው እችለዋለሁ ካለው ይበልጣል። ሁለቱም እያጉረመረሙ ይወጣሉ። ጥፋቱ ግን የዳኛው አይደለም።

ስለዚህ ከፍላጎቱ እንጀምር። ብዙ የክስ ማመልከቻ ላይ «ለልጃችን ቀለብ በወር ብር 20,000 እንዲከፍል ይወሰንልኝ» ተብሎ ያልቃል። ዳኛው «ለምን ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «ኑሮው ተወዶ» ይሆናል። ኑሮው መወደዱን ዳኛውም ያውቃል፤ እሱም ገበያ ይወጣል። የሚፈለገው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን የምትሠሩት የዓመቱን ወጪ ደምራችሁ ለ12 በማካፈል ነው። የትምህርት ወጪ በየወሩ እኩል ስለማይመጣ በዚህ መንገድ ካልተሠራ ግማሹ ይረሳል።

ለምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሩ የምሳሌ ነው፣ የእናንተን አስገቡበት። የትምህርት ቤት ክፍያ በወር 3,000 ብር ለ10 ወር ቢሆን 30,000 ነው። የምዝገባ 4,000፣ የደንብ ልብስ፣ መጽሐፍና ደብተር 8,000። ድምሩ 42,000፤ ለ12 ሲካፈል በወር 3,500 ብር። ሰርቪስ በወር 1,500 ለ10 ወር 15,000፣ ሲካፈል 1,250። ልብስና ጫማ በዓመት 9,000፣ ሲካፈል 750። ሕክምና 500። ምግብ 5,000። የቤት ኪራይ ላይ ሰው ይሳሳታል፦ ኪራዩ 12,000 ከሆነና ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ካለ የልጁ ድርሻ 4,000 ነው እንጂ 12,000 አይደለም። ሙሉውን ኪራይ የልጅ ወጪ ብሎ ያቀረበ ሰው፣ የተቀረው ዝርዝሩ እውነት ቢሆንም እንኳ ይጠረጠራል። ሁሉም ሲደመር 15,000 ብር ይመጣል።

እያንዳንዱ መስመር ጎን ወረቀት ይኑር። ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት የክፍያ ደብዳቤ፣ የኪራይ ውል፣ የፋርማሲና የክሊኒክ ደረሰኝ፣ ልጁ ቋሚ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ የሐኪም ማስረጃ። ለምግብ ደረሰኝ አይገኝም፤ ከጉሊት ለተገዛ ሽንኩርት ማንም ደረሰኝ አይጠይቃችሁም። ግን በወር ጤፍ ስንት ኪሎ፣ ዘይት ስንት ሊትር፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ብላችሁ በአንድ ገጽ ጻፉት። ዳኛው ሲያነበው ቤት የሚያስተዳድር ሰው የጻፈው መሆኑ ይታወቃል።

ወደ አቅም ስንመጣ ክርክሩ ይከርራል። ተጠያቂው ደመወዝተኛ ከሆነ የሚፈለገው ከአሠሪው የሚመጣ የደመወዝ መግለጫ ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት መነሻ ደመወዙን ብቻ የሚገልጽ ደብዳቤ ማምጣት ነው። ደብዳቤው መነሻ ደመወዙን፣ የቤትና የትራንስፖርት አበሉን፣ የኃላፊነት አበሉን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን፣ ቦነስ ካለ ቦነሱን፣ ከዚያም ተቀናሹን ለይቶ ያሳይ። ትርፍ ሰዓትና የመስክ አበል ከወር ወር ስለሚለያይ የስድስት ወይም የ12 ወር ዝርዝር ይጠየቅ። ተቀናሽ ሲባል ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። የሥራ ግብርና የሠራተኛው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ በሕግ የሚቆረጡ ናቸው፤ ማንም አይከራከርባቸውም። የዕቁብ፣ የቁጠባ ማኅበርና የብድር ተቀናሽ ግን ሰውየው ራሱ የፈቀደው ነው። «እጄ ላይ የሚደርሰው 9,000 ብቻ ነው» ያለ አባት፣ ከዘጠኙ ሺህ በፊት 8,000 ብር ለዕቁብ ቆርጦ ከሆነ ዳኛው ያየዋል። መጥሪያ ከደረሰ በኋላ የተወሰደ ብድር ከሁሉ ይበልጥ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ነጋዴ ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። ደመወዝ የለም፤ የግብር ማሳወቂያው ላይ ያለው ትርፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የኑሮውን ግማሽ አይሸፍንም። እናቲቱ ችሎት ላይ «ሀብታም ነው፣ አገር ያውቀዋል» ብትል ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው የንግድ ፈቃዱ ቁጥር፣ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር፣ የሚያከራየው ቤት ያለበት ወረዳና የቤት ቁጥር፣ ሒሳቡ ያለበት ባንክና ቅርንጫፍ ነው። እነዚህን ይዛችሁ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ «በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። «ባንኮች ሁሉ ይጠየቁልኝ» የሚል አቤቱታ ግን ሰሚ የለውም፤ ፍርድ ቤቱ የታወቀ ነገር ያስቀርባል እንጂ ያልታወቀ ፍለጋ አይወጣላችሁም።

ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ይቀራል። ባለጉዳዩ ፍርድ ቤቱ ልኮታል ብሎ ያምናል፤ በቀጠሮው ቀን «የታዘዘው ማስረጃ አልቀረበም» ተብሎ ወር ከምናምን ይቀጠራል። ትእዛዙ በተሰጠ በማግስቱ መዝገብ ቤት ሄዳችሁ በእጅ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከተሰጣችሁ ለመሥሪያ ቤቱ አድርሳችሁ ቅጂው ላይ የደረሰበትን ቀንና ማኅተም አስመቱ። ከቀጠሮው አንድ ሳምንት በፊት መልሱ መዝገቡ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ። የቀለብ መዝገብ የሚጓተትበት ዋናው ምክንያት የሕግ ክርክር ሆኖ አያውቅም፤ ይቺ ናት።

ሥራ የለኝም ለሚል አባት አንድ ቃል። ሥራ መፍታት እውነት ከሆነ የሥራ ስንብት ደብዳቤውን፣ ምክንያቱንና ቀኑን ይዘህ ቅረብ፤ ሥራ ስትፈልግ የቆየህበትንም አሳይ። ታመህ ከሆነ የሐኪም ማስረጃ አምጣ። መጥሪያው በደረሰህ በሁለተኛው ሳምንት በገዛ ፈቃድህ ለቀህ ከሆነ ግን ዕድሜህ፣ ሙያህና ጤናህ ታይቶ መሥራት የሚችል ሰው ነህ መባልህ አይቀርም። መኪናን በወንድም ስም ማዛወርም እንዲሁ ነው። ዳኛ ይህን ዘዴ ስንት ጊዜ እንዳየው ብታስቡ አትሞክሩትም።

የጠያቂዋም ገቢ ይታያል። ልጅ የሁለቱም ነው፣ ግዴታውም የሁለቱም። አንቀጽ 113 ፍቺ ሲወሰን ፍርድ ቤቱ የልጆቹን አያያዝና ቀለብ ሲወስን የሁለቱንም ተጋቢዎች ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲያይ ያዛል። ስለዚህ እናት ሥራ እያላት «ምንም የለኝም» ብትል፣ ተጠያቂው የደመወዝ ወረቀቷን ባወጣ ሰዓት የቀረው ቃሏ ሁሉ አብሮ ይወድቃል። ቀድሞ መናገር ይሻላል። በምሳሌያችን እናት በእጇ የሚደርሳት 15,000፣ አባት 30,000 ቢሆን፣ የልጁ 15,000 ብር ወጪ አንድ ለሁለት ሲከፈል የእናት ድርሻ 5,000፣ የአባት 10,000 ይሆናል። ሕጉ እንዲህ አካፍሉ አይልም፤ ግን ለዳኛው በስሌት የተደገፈ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ልጁን በየቀኑ ማብላት፣ ማጠብ፣ ሲታመም ሌሊት መቀመጥ በብር ባይጻፍም ይህም ድርሻ መሆኑን መናገር ተገቢ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

አባት ሌላ ቤት ሌሎች ልጆች ካሉት የልደት ምስክር ወረቀታቸውን ያቅርብ። ለእነሱም ግዴታ አለበት፤ ፍርድ ቤቱ ይህን አይንቅም። ያለ ወረቀት «አራት ልጅ አለኝ» ማለት ግን የትም አያደርስም።

ልጁ የእኔ አይደለም የሚል ተጠያቂ ካለ ክርክሩ ከቀለብ በፊት ወደ አባትነት ይዞራል። በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው እንደሆነ ሕጉ ይገምታል፤ የልደት ምስክር ወረቀቱን ከክሱ ጋር ያያይዙት። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት፤ ጊዜው ያለፈበት ሰው ወረዳ ሄዶ ዘግይቶም ቢሆን ያስመዝግብ። አባትነቱ ሳያጠራጥር፣ ጊዜ ለመግዛት ብቻ የሚነሳ ክህደት ተናጋሪውን ይጎዳል፤ ምርመራ ታዝዞ ውጤቱ ሲመጣ ከቀለቡ በላይ ወጪ ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ቀጠሮው ቀን እንሂድ። መጥሪያው ላይ ሦስት ነገር አንብቡ፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የችሎት ቁጥርና ምድብ፣ ሰዓቱ። ልደታ የተጠራ ሰው አራዳ ሄዶ ሲሰለፍ የሚውልበት ቀን አለ። ከውጭ አገር የመጣችሁ ደግሞ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ 3 ሰዓት ማለት ጠዋት ነው። ተከሳሽ ከሆናችሁ የመከላከያ መልሱ በጽሑፍ፣ ከማስረጃው ጋር፣ በታዘዘው ቀን መግባት አለበት። «ችሎት ላይ በቃሌ እናገራለሁ» ብሎ ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው መልስ የመስጠት መብቱን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ቢያለቅስም የሚመዘገብለት ጥቂት ነው።

መቅረት ከሁሉ የከፋ ነው። ከሳሽ ስትቀር፣ ተከሳሹም ቀርቦ ካላመነ፣ መዝገቡ ይዘጋል። ተከሳሽ መጥሪያ ደርሶት ቢቀር ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ የእናቲቱ ዝርዝር ብቻ ዳኛው ፊት ይኖራል ማለት ነው። በሌለበት የተሰጠ ፍርድ እንዲነሳ ማመልከት የሚቻለው ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ ያውም ለመቅረቱ በቂ ምክንያት ካለው። «ሥራ በዝቶብኝ» በቂ ምክንያት አይደለም። መጥሪያውን አልቀበልም ብሎ በር መዝጋትም ብልጠት የሚመስላቸው አሉ፤ መጥሪያው በር ላይ ተለጥፎ ክርክሩ ይቀጥላል።

ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ስልክ ይዘጋ፤ ድምፁን መቀነስ አይበቃም፣ ይዘጋ። ልብስ ንጹሕ ይሁን፣ የክት መሆን የለበትም። ዳኛው ሲገባ ይነሳል። የመዝገብ ቁጥራችሁ ሲጠራ «አቤት» ብላችሁ ቅረቡ፤ ስትናገሩ ቁሙ። አጠራሩ «የተከበረው ፍርድ ቤት» ወይም «ክቡር ዳኛ» ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ላይ የሚያስችለው አንድ ዳኛ ነው፤ በቀን ብዙ መዝገብ ያያል። ለእናንተ የሚተርፈው ደቂቃ ጥቂት ስለሆነ፣ ነገሩን ከሰርጋችሁ ቀን ከጀመራችሁት ወደ ትምህርት ቤት ክፍያው ሳትደርሱ ቀጠሮ ይሰጣል።

ንግግራችሁ ለዳኛው እንጂ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛችሁ አይሁን። ሰው ሳያስበው ፊቱን ወደ ጎን ያዞርና «አንቺ አይደለሽም እንዴ!» ብሎ ይጀምራል፤ ያኔ ችሎቱ ሳሎን ይሆናል፣ ዳኛውም ሁለቱንም ዝም ያሰኛል። ሌላው ወገን ሲዋሽ ብትሰሙ አትቆራርጡ። እስክሪብቶና ወረቀት ይዛችሁ ውሸቱን በአንድ ቃል ጻፉ፤ ተራችሁ ሲደርስ «ሦስተኛው ነጥብ ላይ የተባለው ትክክል አይደለም፣ ከማስረጃዬ ተራ ቁጥር 4 ይታይልኝ» በሉ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአሥር ደቂቃ ጩኸት ይበልጣል። የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ። «ደመወዝህ ስንት ነው?» ሲባል መልሱ ቁጥር ነው፤ «እሷ ከኔ ትበልጣለች» መልስ አይደለም። የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ። ችሎት መድፈር የወንጀል ሕጉ የሚቀጣው ነገር ነው፤ ዳኛው እዚያው ወዲያው ሊቀጣ ይችላል።

ሰዎች በቅንነት የሚያነሷቸው ግን ለቀለብ ክርክሩ የማይጠቅሙ ነገሮች አሉ። ማን ትዳሩን አፈረሰ የሚለው አንዱ ነው፤ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ በማንም ጥፋት አይቀንስም። «ሌላ አግብታለች» የሚለው ሁለተኛው ነው፤ አዲሱ ባል የልጁን አባት ግዴታ አይወርስም። «ልጄን አላሳየችኝም፣ ስለዚህ አልከፍልም» የሚለው ሦስተኛውና በጣም የተለመደው ነው። ልጅን የመጎብኘት ጥያቄ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ በማመልከቻ ይጠየቅበታል፣ ቀንና ሰዓት ይወሰንበታል። ቀለብ ይዞ መቅጣት ግን የሚጎዳው ልጁን ነው፣ በሕግም ያስጠይቃል። በተቃራኒው «ስላልከፈለ አላሳየውም» የምትል እናትም ከዚህ የተለየች አይደለችም። «ገንዘቡን ለራሷ ታውለዋለች» የሚል ሥጋት ያለው አባት፣ ሥጋቱን ወደ ጥያቄ ይለውጠው፦ የትምህርት ቤቱን ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ልክፈል፣ የቀረውን በባንክ ላስገባ ብሎ ያመልክት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ዳኛ በጥሞና ይሰማል።

ልጁን ይዛችሁ አትምጡ። «አይቶት ይዘንለት» የሚል ሐሳብ ከሆነ ዳኛው የሚያዝነው በእናንተ ነው። ፍርድ ቤቱ የልጁን ሐሳብ መስማት ካስፈለገው ራሱ ያዝዛል፤ ማኅበራዊ ሠራተኛ አነጋግሮ ሪፖርት እንዲያቀርብም ሊያደርግ ይችላል። ማኅበራዊ ሠራተኛው ቤት ሲመጣ ቤቱ እንደወትሮው ይሁን፤ ልጁን «እንዲህ በል» ብሎ ማስጠናት ሪፖርቱ ላይ ወዲያው ይታያል። ልጆች የተጠና ነገር ሲናገሩ የአዋቂ ቃል ይጠቀማሉ።

ስለ ምስክር አጭር ነገር። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ፤ ስማቸውና አድራሻቸው ከማስረጃ ዝርዝሩ ጋር ይግባ። እያንዳንዱ ምን እንደሚያስረዳ ለዩ፦ አከራይዋ ኪራዩን፣ የሥራ ባልደረባው ትርፍ ሰዓት መሥራቱን። ሦስት አክስቶች አምጥቶ አንድ ዓይነት ነገር ማናገር ብክነት ነው። ተራቸው እስኪደርስ ውጭ ይቆያሉ። ያላዩትን እንዲናገሩ አታድርጉ፤ በሐሰት መመስከር በወንጀል ያስጠይቃል። የቴሌግራም መልእክት ካላችሁ ስድቡን ትታችሁ ገቢን ወይም የክፍያ ቃልን የሚመለከተውን ብቻ አትሙ፣ ቀኑ የሚታይ ይሁን። የሰነዶቻችሁን ዋና ለማመሳከሪያ ያዙ፤ ቅጂ ለፍርድ ቤቱ፣ ለሌላው ወገን፣ ለራሳችሁ።

መዝገቡ እስኪወሰን ልጁ መብላት ስላለበት ጊዜያዊ ቀለብ መጠየቅን አትርሱ። የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አያያዝና ቀለብ ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ አንቀጽ 82 ይደነግጋል። ብዙዎች ግን አይጠይቁም። ወቅቱንም አስቡ። ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ መግቢያ እስከ መስከረም መጨረሻ ለዕረፍት ይዘጋሉ፤ በተረኛ ችሎት የሚታየው አስቸኳይ ጉዳይ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባና ደብተር ግዢ የሚወድቀውም በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ክሱ እስከ ግንቦት ቢገባ መልካም ነው፤ ከዘገየ አስቸኳይነቱን በማመልከቻው መጀመሪያ ላይ ጻፉ።

መስማማት ይቻላል፤ እንዲያውም ዳኛው ራሱ ሊጠይቃችሁ ወይም ወደ ፍርድ ቤቱ አስማሚ ሊመራችሁ ይችላል። በሽማግሌም ቢሆን። እዚህ ላይ የምፈራው «በወር የሚችለውን ይስጥ» የሚል ስምምነት ነው። ይህ ስምምነት አይደለም፣ ለሚቀጥለው ክስ መንገድ መጥረግ ነው። ስምምነት መጠኑን፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ የባንክ ሒሳቡን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨምር ማን እንደሚሸፍን፣ ድንገተኛ ሕክምና በምን ያህል እንደሚካፈሉ፣ በየዓመቱ መቼ እንደሚከለስ ይጻፍበት። ፍርድ ቤቱም የልጁን ጥቅም መጠበቁን መርምሮ ያጸድቀዋል፤ «መኪናውን ውሰጂ፣ ቀለብ አትጠይቂኝ» የሚል ውል ይዛችሁ ብትመጡ የልጁን መብት ሸጣችሁ ነውና አያልፍም።

ከውሳኔ በኋላ ያለው ሥነ ሥርዓት የሚረሳ ነው። ከፋይ ከሆናችሁ በእጅ አትስጡ። በባንክ ወይም በቴሌብር አስገቡ፣ ምክንያቱ ላይ «ቀለብ፣ ጥቅምት» ብላችሁ ጻፉ። ለልጁ ጫማ ገዝታችሁ ብትሰጡ ደግ ነው፤ ከቀለቡ ግን አይቀነስም። ካልተከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፤ ደመወዝተኛ ከሆነ አሠሪው ቆርጦ እንዲያስገባ ይታዘዛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም፤ ፍርዱ ከዚያ ካለፈ ቀሪው በሌላ ንብረት ላይ ይፈጸማል። አቅም እያለው ያለ በቂ ምክንያት የማይከፍል ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658ም ይጠየቃል። ተቀባይዋ በበኩሏ ዝም ብላ አትቆይ። ሕጉ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ አስፈላጊ እንደነበር ካልተረጋገጠ በቀር፣ ይቀራል ይላል። «ሁለት ዓመት ታገሥኩት» የምትል እናት ትዕግሥቷ ችሎት ላይ አዲስ የማስረዳት ሸክም ሆኖ ይመጣባታል።

ውሳኔው ለዘላለም አይደለም። ገቢ ሲቀንስ ወይም ወጪ ሲጨምር ማንኛቸውም ወገን እንዲሻሻል ማመልከት ይችላሉ። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት የተቆረጠ ቀለብ ዛሬ ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። ማመልከቻው ግን አሁንም ያንኑ ዝርዝር ይፈልጋል፤ የድሮውንና የአሁኑን ጎን ለጎን። ሥራ ያጣ አባትም ክፍያውን በራሱ ሥልጣን አቋርጦ አይጠብቅ፣ በዚያው ወር ያመልክት። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ነገሩ አብቅቷል ማለትም አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ያለና ራሱን መቻል ያልቻለ ልጅ በራሱ ስም ቀለብ ሊጠይቅ ይችላል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ በ60 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል፤ የእግድ ትእዛዝ ካልተሰጠ በቀር ይግባኝ ማለት ብቻውን ክፍያውን አያቆምም።

በመጨረሻ፣ ከወላጆቹ አንዱ ውጭ ላለበት ቤት። እናት ቤይሩት ወይም ሪያድ፣ ልጁ አያት ጋ፣ አባት እዚሁ ከተማ፤ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አያት እጇን ይዛ ብትመጣ «በምን ሥልጣን?» ትባላለች። ውክልናው ባለችበት አገር በኤምባሲያችን ወይም በቆንስላ ይረጋገጥ፣ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዝገብ። ይዘቱንም ተጠንቀቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ለመክሰስ፣ ለመከሰስና ለመታረቅ ልዩ ውክልና ይፈልጋል። «ንብረቴን እንድታስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ይዘው መጥተው ከችሎት የተመለሱ አሉ፤ ሌላ እስኪላክ ወራት ይሄዳል። ስለዚህ ውክልናው ላይ መክሰስ፣ መልስ መስጠት፣ መታረቅ፣ ይግባኝ ማለት፣ ፍርድ ማስፈጸምና ገንዘብ መቀበል እያንዳንዱ በስሙ ይጻፍ። እናቲቱ ከዚያ የምትልከው ገንዘብ ካለ የሐዋላ ደረሰኞቹን ትሰብስብ፤ የእሷ ድርሻ ማስረጃ እነሱ ናቸው። ከውጭ የሚመጣ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሁሉ ፈቃድ ባለው አስተርጓሚ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ይቅረብ።